በውሃ የታጠረ ቤት

"ሰው ነህ?" ይላሉ መምህር ዊፑላሳራ።

"አዎን፣ ጌታዬ።"

"ወንድ ነህ?"

"አዎን፣ ጌታዬ።"

ጥያቄውም መልሱም በፓሊ፣ በቡድሃ መጻሕፍት ቋንቋ ነው፤ ጆቲፓላ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ውሃ ጠጥቶታል። ዛሬ ሃያ ዓመት ሞልቶታል። የምጽዋት ሳህኑን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ መዳፎቹን ደረቱ ላይ ገጥሞ፣ ወንዙ መሀል ከተሠራው የእንጨት ቤት የኋላ በረንዳ ላይ ቆሟል። ከግድግዳው ወዲያ መነኮሳቱ ይጠብቃሉ። እዚህ ለብቻው ተጠይቆ ካለፈ፣ እነሱ ፊት ያንኑ ይደግምና ሙሉ መነኩሴ ይሆናል።

"ነጻ ሰው ነህ?"

ውሃው የቤቱን ምሰሶዎች እየላሰ ያልፋል። ጆቲፓላ ዓይኑን ውሃው ላይ ይጥላል። መምህሩ ያልሰማ መስሏቸው ይደግሙታል።

"ይሄኛውን ምን ልበል፣ የኔታ?" ይላል ፓሊውን ትቶ በአገሩ ቋንቋ በሲንሃላ።

"አዎን ነዋ። ባሪያ አይደለህም ወይ ማለት ነው። የገዛህ ሰው አለ?"

"የገዛኝስ የለም። የወለደችኝ ሰጠችኝ እንጂ።"

መምህሩ ሳያስቡት ወደ ወንዙ ዳር ይመለከታሉ። እህታቸው፣ የጆቲፓላ እናት ሶማላታ፣ ነጭ ለብሳ ከመንደሩ ሰው ሁሉ ፊት ቆማለች። ገዳማቸው ከአጎት ለእህት ልጅ ነው የሚወርደው። ለእሳቸውም ከእናታቸው ወንድም ወርዷል። ከጆቲፓላ ሌላ የእህት ልጅ የላቸውም፤ እሱ ከቀረ ቅድመ አያቶቻቸው ያቆሙት ደጅ የባዳ ነው።

"ቀደም ብለህ አትነግረኝም ነበር?"

"ነግሬስ? በልጅነቴ ብጫውን የምንኩስና ልብስ ከለበስኩ ጀምሮ እናቴ ባየችኝ ቁጥር እንደ ወጉ ልትሰግድ እግሬ ላይ ትወድቃለች። ሰው እግሩ ላይ ለወደቀችለት እናቱ እንቢ የሚል አፍ ከየት ያመጣል?" ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። "እርስዎስ ያን ጊዜ እዚህ ቆመው አዎን ሲሉ፣ እውነትዎን ነበር?"

"የምትጠየቀው አንተ ነህ።"

"እሱንማ አውቃለሁ።"

ከውስጥ ሽማግሌው አለቃ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። "ዊፑላሳራ፣ እስካሁን ሰው መሆኑን እያጣራህ ነው? የእህትህ ልጅ አይደለም እንዴ? እሷን ብትጠይቅ ይቀልህ ነበር።" አንድ ሁለቱ ይስቃሉ።

"መጣን፣ አባቴ።"

መምህሩ አንድ ገመድ የሚያዩት ይህን ብለው ፊታቸውን ሲመልሱ ነው። ባለታንኳው ፒያዳሳ የታንኳውን አፍንጫ ዳር ካለ ዛፍ፣ ኋላውን ደግሞ ከበረንዳው ምሰሶ አስሮ፣ እሱ መሀሉ ላይ ተጋድሞ ቅጠል ያኝካል።

የምንኩስናው ቤት ውሃ ላይ የተሠራው ከደረቁ መሬት ጋር ምንም እንዳያገናኘው ነው። መሸጋገሪያው ሳንቃ እንኳ ሁሉም ከገቡ በኋላ ተነስቷል። በቡድሃ መነኮሳት ሕግ፣ አንዲት ገመድ ወይም አንዲት ቅርንጫፍ ቤቱን ከዳር ካያያዘችው፣ ውስጥ የሚፈጸመው ሁሉ ከንቱ ነው። የመነኮሰው አልመነኮሰም።

"አዩት" ይላል ጆቲፓላ። "እኔ ገና እንደወጣን ነው ያየሁት።"

"አይተህ ዝም አልክ?"

"ይተዉት፣ የኔታ። ገብቼ የሚሉኝን ሁሉ አዎን እላለሁ። እናቴ ደስ ይላታል፤ ገዳሙም ወራሽ ያገኛል።"

"አንተስ? መነኩሴ አትሆንም፤ ምንም ነገር አትሆንም።"

"ሰው እሆናለሁ። አሁን አይደል የጠየቁኝ?"

መምህሩ ምሰሶውን ይደገፋሉ። ገመዱ ከጣታቸው አጠገብ ነው፤ እርጥብ ነው። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ይሆናል ብለው አስበው አያውቁም። ዝም ማለት ብቻ። ወጣቱ ብጫውን ለብሶ ይኖራል፤ የሆነ ቀን ሲያወልቀው የሚያፈርሰው ቃል ኪዳን አይኖርም።

ሐሳባቸው ግን እዚያ ላይ አልቆም ይላቸዋል። ሳያወልቀው ቢያረጅስ? መምህር ይሆናል። ሌላውን ወጣት እዚህ በረንዳ ላይ ያቆማል፤ ራሱ ያልሆነውን ይሰጠዋል፤ ያኛውም በተራው ለሌላ። ይህን ሕግ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ጆቲፓላ ቢጠየቅ ቃል ሳይስት ይወጣዋል።

"ፒያዳሳ" ይላሉ። "ገመዱን ፍታው።"

ባለታንኳው አንገቱን ያቀናል። "የቱን?"

"ከምሰሶው ያሰርከውን።"

"ውሃው ያዞራታል እኮ፣ ጌታዬ። ታንኳዬ ስትገለበጥ እርስዎ ዋኝተው ያመጡልኛል?"

"ፍታው ብዬሃለሁ።"

"እሺ፣ ፈታሁ፣ ፈታሁ። ቅዱሳን ቋጠሮ ይጠላሉ ለካ።"

ገመዱ ውሃው ላይ ይወድቃል። ታንኳዋ ተንሸራታ ወደ ዳር ትጠጋለች። በቤቱና በመሬቱ መካከል ድፍርሱ ውሃ ብቻ ይቀራል።

ጆቲፓላ መምህሩን ያያቸዋል። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይቀላቸው ነበር።

"ነጻ ሰው ነህ?" ይላሉ በፓሊ።

"አዎን፣ ጌታዬ።"

"ወላጆችህ ፈቅደውልሃል?"

"አዎን፣ ጌታዬ።"

የቀሩት ጥያቄዎች ቶሎ ቶሎ ያልፋሉ። መምህሩ በሩን ይከፍቱለታል። ዳር ከበሮ ይዞ የቆመ ሰው ይህን አይቶ ይመታል። ጆቲፓላ አንድ እግሩን ደፉ ላይ አድርጎ ይዞራል፤ ከሰዉ መሀል የእናቱን ፊት ይፈልጋል።

ሶማላታ ግን በሩ ሲከፈት ተንበርክካለች። ግንባሯ ጭቃው ላይ ነው። ከዚህ የሚታየው ጸጉሯን ለሁለት የከፈለው ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ ነው።

መምህር ዊፑላሳራ ያን መስመር ያውቁታል። እግራቸው ላይ ትወድቅ የነበረችውን የራሳቸውን እናት ፊት ለማስታወስ በሞከሩ ቁጥር የሚመጣላቸው እሱ ብቻ ነው።