የቀረችው ጣት

ስትሮክ አንደበቱን ከዘጋው ወዲህ ለሽማግሌው የምትታዘዝለት የቀኝ እጁ ሌባ ጣት ብቻ ነበረች። በየቅዳሜው የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን አልጋውን ከበው ያንኑ መዝሙር፣ አገር ምድሩ በእሱ ስም የሚያውቀውን ዜማ፣ ይዘምሩለታል። እንባው ኮለል ሲል «አያችሁ፣ መንፈሳቸው ተነክቶ ነው!» ይባባላሉ። ጆሮውን የሚደፍንበት እጅ እንኳ የለውም።

ዛሬ የመዘምራኑ መሪ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይህን ዜማ ግን ከየት አገኙት?» ሲለው፣ ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ ጣቱን አነሳ። ሻይ ይዛ ብቅ ወዳለችው ሚስቱ ቀሰራት።

«ሻይ አምሯቸው ነው» አለ መሪው እየሳቀ።

ሚስቱ ግን ገብቷታል። ትዳራቸው ገና ለጋ ሳለ፣ የታመመች ልጇን አዝላ ስታባብል ከራሷ አውጥታ ያንጎራጎረችው ዜማ ነበር። እሱ የራሱ አድርጎ ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጠው ትንፍሽ አላለችም።

ትሪውን አስቀምጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የተቀሰረችውን ጣት ቀስ አድርጋ አጠፈች፤ በመዳፏ ጥብቅ አድርጋ ይዛት ወደ መዘምራኑ ዞረች።

«ድገሙልኝ ነው የሚላችሁ» አለች።