የውስጠኛው ጎማ

የተሳቢ ጎማ በዓይን ብቻ አይታመንም፤ በብረት ይመታል። የሞላው ብረቱን ያነጥረዋል፣ የጎደለው ድምፁን ይውጠዋል። ገዳና እኔ አንድ መኪና እየተፈራረቅን ስንነዳ፣ ከጉዞ በፊት እሱ በቀኝ እኔ በግራ ሆነን ከፊት ወደ ኋላ እየመታን እንሄድ ነበር።

አምና የእህቴ ልጅ ክርስትና ስለነበረ ገዳ በእኔ ተራ ሊሄድልኝ ተስማማ። ጎማውን አብረን መታን። መጨረሻ ላይ ከወዲያ በኩል፣ "የውስጠኛውንስ መታኸው?" አለኝ።

ከውጭኛው ጎማ ጀርባ ስለተደበቀ፣ እሱን ለመምታት በጉልበት መንበርከክ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ነጭ ለብሻለሁ።

"መትቼዋለሁ" አልኩት።

ቁልቁለት ላይ የፈነዳው ያ ጎማ ነው። ለቅሶ ላይ ሚስቱ ሌንሳ አንገቴን አቅፋ፣ "እንኳን አንተ ተረፍክልን" አለችኝ። የጎማውን ነገር ሳልነግራት ወጣሁ።

ዛሬ ጠዋት ለቡ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ፣ የሌላ መኪና ተሳቢ ብቻዬን ማየት ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ጎማ ስመታ በቀኝ በኩልም ተመታ። ድምፁ ከግንቡ ተመልሶ ነው ብዬ ሁለተኛውን መታሁ። በቀኝም ተመታ። እጄን ሰብስቤ ቆምኩ። በቀኝ በኩል ሦስተኛው ተመታ።

ተንበርክኬ በተሳቢው ስር አሻግሬ አየሁ። የሰው እግር የለም።

"የውስጠኛውንስ መታኸው?"

ጎማው አፍንጫዬ ስር ነው። ገና አልነካሁትም።

"መትቼዋለሁ" አልኩ፣ አፌ ቀድሞኝ።

"እሺ፣ እንሂድ" አለ። የጋቢናው በር ተከፍቶ ተዘጋ።