ተምች የማይበላው ሳር

በምርምር ጣቢያው ሁሉም «አባ ሳር» የሚላቸው ሽማግሌ ባለሙያ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የግጦሽ ሳር ሲያዳቅሉ ኖረዋል። ምኞታቸው ተምች የማይበላው ሳር ማግኘት ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ጡረታ ይወጣሉ። ከዚያ በፊት ኮሚቴው ከሁለት ሳሮች አንዱን መርጦ ዘሩን ለከብት አርቢዎች ያከፋፍላል፤ ያልተመረጠው ይነቀላል።

ሁለተኛው ሳር የልጅቷ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ግን ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ስለሆኑ ለእሳቸው ያው ልጅቷ ናት።

መደቦቻቸው ጎን ለጎን ናቸው። በሁለቱም ላይ እኩል የተምች ትል ተለቀቀ። በሦስተኛው ሳምንት የልጅቷ ሳር አንድ ቅጠል እንኳ አልጎደለበትም። የእሳቸውም ዘንድሮ ደህና ይዟል። አምና ግን ትሉ እስከ ሥሩ ግጦት፣ አባ ሳር በብስጭት ታመው አንድ ወር ተኝተው ነበር። ያስታመመቻቸው ልጅቷ ናት።

ይህ ሁሉ ግን ቅናቱን አላስቀረላቸውም። ጎብኚ መጥቶ መጀመሪያ ወደ እሷ መደብ ከሄደ የዚያን ቀን ምሳ አይወርድላቸውም። ዘበኛው አንዴ ተሳስቶ «የልጅቷ ሳር እንዴት ያምራል!» ስላለ ሁለት ቀን ሰላምታ ነፈጉት።

አንድ ቀን ገና በጠዋቱ፣ ከሁሉም ቀድመው ገቡ። ልጅቷ የጀርባ መርጫ ተሸክማ ከሁለቱ መደቦች መሐል ስትወጣ አገኟት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ውሃ ነው፣ ጋሼ። አፈሩ ደርቆ አይቼ ነው።»

ዝናቡ ሲወርድ ነው ያደረው። አባ ሳር ወደ መደባቸው ገቡና እንደ ልማዳቸው አንድ አገዳ ቀንጥሰው ወደ አፋቸው ሰደዱ። ልጅቷ ሮጣ ከእጃቸው ነጠቀቻቸው።

«ኧረ ጋሼ፣ አያኝኩት! ሳይታጠብ!»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ሳኝከው የት ነበርሽ? ዛሬ የኔን ሳር ተጠየፍሽው?»

የእሷ ሳር እንዴት ጸና ብለው ሲብሰለሰሉ ለከረሙበት ጥያቄ መልሱን ያገኙ መሰላቸው፤ ለካ መርዝ እየረጨችበት ነው። ኮሚቴው ፊት አንገቷን ስትደፋ ታያቸውና ደስ አላቸው። ደስ ማለቱ ትንሽ አሳፈራቸው፤ ግን አልተዉትም።

በማግሥቱ ከልጅቷ መደብ ናሙና ቆርጠው አሸጉ። ላቦራቶሪው ያለ ማነጻጸሪያ አይቀበልምና ከራሳቸው መደብም አንድ እፍኝ አጭደው ጨመሩበት። ክሱን ጽፈው፣ ፈርመው ላኩት። የጣቢያው ደንብ ምሕረት የለውም፤ መርዝ የተገኘበት ሳር ይነቀላል፣ ዘሩም ይቃጠላል።

ውጤቱ የመጣ ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ ፖስታውን ስታነሳ ልጅቷ ብድግ አለች።

«እባካችሁ፣ አይከፈት።» እጇን ወደ ፖስታው ዘረጋች። «እኔ ነኝ የረጨሁት። ከውድድሩ ወጥቻለሁ፣ ሳሬን ንቀሉት። ግን እሱ ነገር አይነበብ።»

አባ ሳር አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቁት ቀን መጣ።

«እንዴት አይነበብም?» አሉ፣ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መታ አድርገው። «ሰው ሁሉ ይስማ እንጂ!»

ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሰብሳቢዋ ፖስታውን ቀደደች፣ አነበበች፣ መነጽሯን ጠርጋ እንደገና አነበበች።

«የልጅቷ ሳር ንጹሕ ነው» አለች። «አባ ሳር፣ መርዙ የተገኘው ከእርስዎ መደብ ባጨዱት ላይ ነው።»