ከእናቴ ጋር

እናቴ የሠራሁትን የአልበም ገጽ በሁለት እጇ ይዛ ከዓይኗ ታርቀዋለች፤ ታቀርበዋለች፤ እንደገና ታርቀዋለች።

«አበቦቹ ተዘቅዝቀዋል» ትላለች።

እውነቷን ነው። የመጠቅለያ ወረቀቱ ጽጌረዳዎች በሙሉ ግንዳቸው ወደ ላይ፣ ራሳቸው ወደ ታች ሆኗል። ወረቀቱን ስቆርጥ ያየሁት ልኩን ብቻ ነው። አራቱንም ፎቶዎች ደግሞ በሙጫ አጣብቄያቸዋለሁ፤ አይነሱም።

«ጨርቅ ቢሆን ደንበኛዋ ፊትሽ ላይ ነበር የምትወረውረው። የልብስ ሰፊ ልጅ ሆነሽ የአበባ ራስና እግር አትለዪም? ወይ ምሁሯ።»

የወንድሜ ሚስት አትስቅም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ሦስታችንም የስፌት ክፍሉ ውስጥ ነን። እናቴ ዓይኗ ስለደከመ ከሠላሳ ዓመት ስፌት በኋላ ሥራ ልታቆም ነው፤ የእነዚያን ዓመታት ፎቶዎች አልበም ውስጥ እያስገባንላት ነው። አዲስ የተገዛ ነገር የለም። ገጾቹን የምናስጌጠው ቤት ውስጥ በተረፈው ነው፤ አጣጥፋ ባስቀመጠቻቸው የስጦታ መጠቅለያዎች፣ በዳንቴል ቁርጥራጭ፣ አቻቸው በጠፋ የልብስ ቁልፎች። መጠቅለያዎቹን ራሷ ለብ ባለ ካውያ እየተኮሰች ታቀብለናለች። ሐሳቡ የእኔ ነበር። አሁን ይህን የሚያስታውስ የለም።

የወንድሜ ሚስት ሙጫ ለመንካት አትቸኩልም። መጀመሪያ ፎቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀምጣ ጠርዝ ጠርዙን በስፒል ትይዘዋለች። ከዚያ ተነስታ በሩ ጋ ትቆምና አንድ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ታየዋለች። ተመልሳ የጣት ውፍረት ያህል ታንቀሳቅሰዋለች። እናቴ ደንበኛ ላይ ቀሚስ ስትለካ እንዲህ ናት፤ የዓይኗ አጠባበብ እንኳ ያው ነው። ልጅቷ እዚህ ቤት ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው።

«ይሄ ሪባን የማን እንደነበር ታስታውሻለሽ፣ እማዬ?» ትላታለች እናቴን።

«የባንክ ሠራተኛዋ አይደል?»

«የታናሽ እህቷ። እጅጌው ሁለቴ የተፈታው።»

«ሦስቴ! ሦስተኛውን አንቺ ሳታዪ ነው የፈታሁት።»

ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ የባንክ ሠራተኛዋንም እህቷንም አላውቃቸውም። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ደግሞ የስፌት መኪናው ድምፅ አላስጠና ሲለኝ «በሩን ዝጉልኝ» እያልኩ ነው ያደግኩት።

እናቴ የኔን ገጽ ታስቀምጥና የወንድሜን ሚስት ገጽ ታነሳለች። ይህን ታርቀውም ታቀርበውም የለም።

«የመጀመሪያው ገጽ የሙሽሪት ይሁን» ትላለች። ከሦስት ዓመት በኋላም ለእናቴ ሙሽሪት ናት። «አንቺ ከሥሩ ጽሑፉን ጻፊበት። የተማርሽው ለዚህ አይደል?»

ወደ ካውያዋ ትመለሳለች።

ፎቶውን አውቀዋለሁ፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እናቴ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣለች፣ የወንድሜ ሚስት ከኋላዋ ቆማ አጎንብሳለች፣ ሁለቱም አንድ ጨርቅ ላይ አቀርቅረዋል። ወደ እኔ የሚያይ የለም።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«‹ከእናቴ ጋር› በይው» ትለኛለች የወንድሜ ሚስት፣ ስፒሎቿን እየለቀመች። አታፍርም፤ ፈቃድም አትጠይቅም። የራሷ እናት ደህና ናቸው፤ በየሁለት ቀኑ በስልክ ሲስቁ እሰማለሁ።

ከብርማ መጠቅለያ አንድ ቀጭን ቁራጭ እቆርጣለሁ። በጥቁሩ ብዕር፣ ሳልቸኩል፣ እጄ የሚችለውን ያህል አሳምሬ «ከአማቷ ጋር» ብዬ እጽፋለሁ። ውሸት የለበትም። ወደ እሷ ገፋ አደርገዋለሁ።

ታነበዋለች። ሁለት ቃል ከሚፈጀው በላይ ትቆይበታለች።

«ጻፈችው?» ትላለች እናቴ ከካውያው ጋ። «ወዲህ በይው እስቲ። ተዪው፣ መቼ ይታየኛል። ምን ይላል?»

የወንድሜ ሚስት ቀና ብላ እኔን ታያለች እንጂ እሷን አታይም። መልሴን አዘጋጅቻለሁ። ታዲያ አማቷ አይደለሽም ወይ እላታለሁ። ስለ ትክክለኛ ነገር ማንም አይቆጣኝም።

«ያልኳትን ነው የጻፈችው፣ እማዬ። ‹ከእናቴ ጋር› ይላል።»

«ፊደሉስ?»

«ማተሚያ ቤት የሠራው ነው የሚመስለው።»

እናቴ ካውያውን ታቆመዋለች። «እሷማ ከልጅነቷ ነው። ስድስት ዓመቷ ሳለ እኮ የደንበኞቼን ስምና ልክ ደብተር ላይ የምትመዘግብልኝ እሷ ነበረች። አጠገቤ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ፣ እግሯ መሬት ሳይደርስ። አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም።»

ይህን ረስቼዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጥሩ ቃል ከአፏ ስጠብቅ ነበር፤ ይኸው መጣ። ያመጣችልኝ የወንድሜ ሚስት ናት።

ብርማ ወረቀት ቀለም ቶሎ አይመጥጥም። ፊደሎቹ ገና እርጥብ ናቸው፤ አውራ ጣት ቢያልፍባቸው ከጥቁር እድፍ በቀር የሚተርፍ ነገር የለም። የወንድሜ ሚስት ቁራጩን ጠርዝና ጠርዙን ይዛ ጠረጴዛው መሀል ላይ፣ እጄ የሚደርስበት ቦታ፣ ከፍ ታደርገዋለች። ዓይኗ አውራ ጣቴ ላይ ነው። ከኋላችን እናቴ ሌላ መጠቅለያ ዘርግታ መተኮስ ጀምራለች።

እጄ ጭኔ ላይ ነው። አይነሳም።

ጥቂት ትጠብቃለች። ከዚያ ከንፈሯን አሹላ፣ ቀለሙ እንዳይበላሽ ተጠንቅቃ፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በቀስታ እፍ ትልበታለች።