የጠቆረው ብርጭቆ

በዚህ ዘመን አዲስ የሚወጣ ብርጭቆ ምራቅ ያነባል፤ ሰውነቱ ለምች ቫይረስ ፀረ እንግዳ አካል ያበጀ ሰው ከጠጣበት ጠርዙ ይጠቁራል። ለዚህ ነው መክሊት ከንፈራቸው ላይ ምች የሚመላለስባቸውን ሞግዚቷን፣ እማማ ይርገዱን፣ ጓዳ ለብቻቸው የምታበላቸው።

የእጮኛዋ ወላጆች በመጡ ቀን፣ መክሊት ለእንግዳ ከተገዛው አዲስ ብርጭቆ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጎነጨች። ጠቆረ። እማማ ይርገዱ ቀልጠፍ ብለው ብርጭቆውን ተቀበሏትና፣ «ይቅርታ፣ እኔ የጠጣሁበትን ነው ያቀረብኩላት» አሉ። እንግዶቹ ከአሮጊቷ ፈቀቅ አሉ። መክሊት አንገቷን ደፋች።

ቆይታ ተከትላቸው ጓዳ ገባች። «እማማ፣ ከየት መጣብኝ?»

«ጥርስ ሳታወጪ ቆሎ እያላመጥኩ አጎርስሽ ነበር» አሉ ብርጭቆውን እያጠቡ። «ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ፣ ይሰሙሻል።»