ልጄ ሳትመጣ ሂጂልኝ

ያዲራ የበሩን ፍርግርግ በሁለት እጇ ይዛ ትነቀንቃለች። ብረቱ ግን ንቅንቅ አይልም። አባቷ ዶን ሴጉንዶ የበየዱት ብረት ለማንም ተነቃንቆ አያውቅም። የሰፈሩን ግማሽ መስኮት ከሌባ ያጠሩት እሳቸው ናቸው፤ የራሳቸውን ቤት ደግሞ ከሁሉም አጥብቀው።

«ያዲራ፣ ኧረ ልጅሽ ገደለችኝ!» ትላለች ጎረቤቷ ዶኛ ሶይላ ከውጭ ሆና። የሦስት ወሯ ሉስሚላ ክንዷ ላይ ፊቷ ቀልቶ ታለቅሳለች። «ጡጦ ብሰጣት ተፋችብኝ። እንደ አያቷ ግትር ናት።»

«አማችዎስ? አመጣለሁ ያለው ብረት መቁረጫስ?»

«ይዞ መጥቶ ነበር። መብራት በሌለበት በምን ይቁረጠው፣ በጥርሱ?»

ያዲራ የገባችው ለአባቷ ምሳ ለማድረስ ነበር፣ ሕፃኗን ለዶኛ ሶይላ ሰጥታ፣ ለአምስት ደቂቃ ብላ። ሾርባውን በቀስታ እሳት ጋዙ ላይ ጥዳ ሩዙን ስታቀርብ እሳቸው በሩን በሁለት ጓጉንቸር ቆልፈው ቁልፎቹን፣ የእሷንም ጨምረው፣ ደበቁ። ይኸው ሁለት ሰዓት አለፈ። ፍራሽ ሥር፣ የሩዝ ማሰሮ ውስጥ፣ ግቢው ውስጥ በቆመችው አሮጌ ፒካፕ ወንበሮች መሃል፣ ያልፈለገችበት የለም። ማራገቢያው ቆሟል፤ የጓያኪል ከተማ የየካቲት ሙቀት ከጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ወደ ታች ይጫናል። ሕፃኗ ባለቀሰች ቁጥር ጡቷ ይፈሳል። ሸሚዟ እስከ ወገቧ ርሷል።

«አባዬ፣ እባክህ። እኔ ነኝ እኮ፣ ያዲራ።»

ሽማግሌው ከፒካፗ ጀርባ ቁራጭ ብረት ይዘው ቆመዋል።

«ያዲራ ትምህርት ቤት ናት። ስሟን ማን ነገረሽ?» ይላሉ። ከዚያ በፍርግርጉ አሻግረው ዶኛ ሶይላን ያያሉ። «ደግሞ ሕፃን ይዛችሁ ነው ለስርቆት የምትወጡት? ነውር የሚባል ነገር ጠፋ በዚህ አገር!»

ዶኛ ሶይላ ሳቅ ያመልጣትና ወዲያው አፏን ትይዛለች።

ያዲራ ያላሳየቻቸው ነገር የለም። መታወቂያዋንም፣ አብረው የተነሡትን የሠርጓን ፎቶም አሳይታለች። «ይቺ ትልቅ ሴት ናት» ብለው መለሱላት። «የእኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።»

አሁን ብረቱን ዝቅ ያደርጋሉ። ድምፃቸውም ዝቅ ይላል።

«ስሚኝ፣ ያሻሽን ውሰጂ። ቴሌቪዥኑን ውሰጂ። ፒካፗንም ነድተሽ ሂጂ፣ አልጮህም። ብቻ ልጄ ሳትመጣ ሂጂልኝ። ባለፈው ስትመጡ ብቻዋን ነበረች።»

ያዲራ ፍርግርጉን ትለቃለች። ያን ቀን ታስታውሰዋለች። አልጋው ሥር ሆና ያየቻቸውን የሁለት ወንዶች ጫማ፣ አፍንጫዋ ውስጥ የገባውን አቧራ። ከዚያ ቀን በኋላ አባቷ ሳምንቱን ሙሉ ሲበይዱ ከረሙ። ስለዚያ ቀን ግን አንዲት ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም።

«ከሥራ ስመጣ በሩ ተበርግዷል፣ ልጄ የለችም» ይላሉ። «ወስደዋታል አልኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ መንገድ ለመንገድ ሮጥኩ። ጫማዬ የት እንደ ወለቀ እንኳ አላውቅም። ለካ አልጋው ሥር ናት። ስጠራት እየሰማች፣ ድምፄ እንኳ አስፈርቷት ዝም ብላለች።» እጅጌያቸውን ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉ። «እንዳለቀስኩ አታውቅም። ምን ይጠቅማታል ብዬ?»

ውጭ የሕፃኗ ለቅሶ እየሰለለ መጥቷል፣ እንደ ደከማት። ያዲራ አባቷን ማቀፍ ያምራታል። ብትጠጋቸው ግን ብረቱን እንደሚያነሱ ታውቃለች።

«እሺ» ትላለች በመጨረሻ። «እሄዳለሁ። በሩን ይክፈቱልኝ።»

አባቷን አንቱ ብላ አታውቅም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ትደነግጣለች። የእሳቸው ፊት ግን ዘና ይላል። ጎንበስ ብለው ቁልፎቹን ከካልሲያቸው ውስጥ ያወጣሉ።

ወጥታ ሕፃኗን ከዶኛ ሶይላ ትነጥቅና ደጃፉ ላይ ዘጭ ብላ ትቀመጣለች። ለቅሶው ጡቷ ላይ ይቆማል። ከበስተኋላዋ ጓጉንቸሮቹ፣ አንዱ ከዚያም ሌላው፣ ቀጭ ይላሉ።

«ወይ ጉድ!» ትላለች ዶኛ ሶይላ በሹክሹክታ። «አሁን እሳቸውን ማን ያወጣልን?»

ያዲራ ጋዙ ላይ ጥዳ የረሳችው ሾርባ ትዝ ይላትና «ጋዙ አልጠፋም» ትላታለች በሹክሹክታ። ዞራ አታይም።

«ልጅዎ ቁልፍ አላት?» ትላለች ለአባቷ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

ከውስጥ እርምጃ ወደ በሩ ይጠጋል።

«የላትም። ትንሽ ናት እኮ።»

«እንግዲያ ስትመጣ ተቆልፎ ታገኘዋለች። በዚህ ፀሐይ ውጭ ልትቆም ነው።»

ከውስጥ የሽማግሌው ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ የቁልፍ መንቃጨል፣ ከዚያ የማጠፊያው ሲጥታ። ዶን ሴጉንዶ በሩን እስከ ግድግዳው ይበረግዱታል። ወንበር ጎትተው አውጥተው ከያዲራ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ብረቱን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። ዶኛ ሶይላ በጎናቸው ሾልካ ስትገባ ቀና ይላሉ።

«እሷ ደግሞ ወዴት ናት?»

«ጋዙን ልታጠፋ ነው።»

«ጥሩ» ይላሉ፣ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መታጠፊያ መልሰው።

ፀሐዩ ሕፃኗ ፊት ላይ ወድቋል። ሽማግሌው ያዩታል። ወንበራቸውን ትንሽ፣ ደግሞ ትንሽ ያንፏቅቃሉ፣ ጥላቸው እናትና ልጅን እስኪሸፍን።

«አጥቢያት፣ ልጄ» ይሏታል፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «እኔ እጠብቃለሁ።»