መሪውን አታንቂው

ትንሿ ሄሊኮፕተር በግቢው መሃል በደረት ቁመት አየር ላይ ቆማ ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጥ ጀመር። መሐንዲሷ፣ ነፋስ ሄሊኮፕተሯን ሲገፋት ቶሎ እንድትመለስ ብላ ያለ አብራሪ የሚመራትን የአውቶፓይለት ፕሮግራም የእርማት ቁጥር በላፕቶፑ ጨመረችው። ሄሊኮፕተሯ ይባስ ብላ ተርገፈገፈች።

"ካለችበት ንቅንቅ እንዳትል ብዬ እኮ ነው፣ አባዬ!"

አባቷ ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። "መሪውን አነቅሽዋ!" አላት። "ጀማሪ ሹፌር እንዲህ ነው። መኪናው ትንሽ ዘመም ባለ ቁጥር ይጠመዝዝና ሲዋዥቅ ይውላል። ላላ አድርጊላት፣ ትንሽ ትሳሳት።"

"እሺ፣ ሹፌሩ!" ብላ ቁጥሩን በግማሽ ቀነሰችው። ሄሊኮፕተሯ በነፋሱ አንድ ክንድ ያህል ሄደች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ተመለሰችና ቀጥ አለች።

"ቆይ፣ መነጽሬን ላምጣና በደንብ ልያት" አለና አባቷ ብድግ አለ። አባቷ ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ እንደለመደው፣ የልጅቷ እጅ ክርኑን ሊይዝ ተወረወረ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመና ተመልሶ ኪሷ ገባ።

አባቷ ሁለት እርምጃ ሄደ። ወደ ግራ ዘመም አለ፤ በከዘራው ተደግፎ ራሱ ተቃና።

"የእኔንም ቁጥር ቀነስሽው እንዴ?" አላት፣ ዞር ሳይል።